ጠይቆ የሄደ

የባሌ ታላቅ ወንድም ያረጋል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያላዘዝኩትን ዕቃ እየጫነ ልኮልኛል። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል። «ዕቃ እስከ ደጅሽ የሚያመጣ የባል ወንድም አግኝተሽ ደግሞ ታማርሪያለሽ?» ይሉኛል። እስቲ እነሱ በገንዳ ውሃ ከተማ ሙቀት አርባ ብርድ ልብስ ይሽጡና እንተያይ!

ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። በጽሑፍ ግን «እሱ» ብለው ምንም አያደርገኝ።

ሱቄ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። ከጎንደር የሚመጣ አውቶቡስ ሁሉ ሰው የሚያራግፈው እዚያ ነው። ያረጋል ጎንደር ላይ ትልቅ የጅምላ መደብር አለው። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ሰሊጥ ከመታጨዱ በፊት፣ አንድ ኢሱዙ ሙሉ ዕቃ ይልካል፤ እኔ እሸጣለሁ። ነገሩ ባልከፋ ነበር። ግን የሚጫነውን የሚመርጠው እሱ ነው። አንድ ዓመት ክረምቱ ወጥቶ ሲያበቃ ጃንጥላ ላከ። አንድ ዓመት ተረከዙ የረዘመ የሴት ጫማ ላከ፤ ዋልካ ጭቃ ላይ ለሚሄድ ሰው! ያን ጫማ ተጫምታ ከሱቄ እስከ ቀበሌ በሰላም የደረሰች ሴት ካለች ትምጣና ትንገረኝ።

ሲመረኝ አንድ ቀን ተናገርኩት። የልጄ ክርስትና ላይ ነበር፤ ሰው ሞልቶ። «ጋሼ ያረጋል፣ የሚጫነውን እኔ ብነግርዎት ምን ይመስልዎታል?» አልኩት።

«አንቺ የመጣውን ሽጪ፤ ገበያ ማጥናቱን ለእኔ ተይው» አለኝ። ቀጥሎም ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ደንበኛ ሊያጠና!» ብሎ ሳቀ። ሰዉም ሳቀ። እኔም እንግዳ ተቀባይ ነኝና ሳቅሁ። ያን ሳቅ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ባሌ አንዱአምላክ፣ አብደራፊ በሚባል ቆላ፣ የሰው እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል። ደግ ሰው ነው። ወንድሙን ባነሳሁበት ቁጥር፣ «ታላቄ አይደል፣ ምን ልበለው» ይልና የሞተሩን ዘይት ሊያይ ይወጣል።

አምና ያረጋል ራሱ መጣ። ያልተሸጠው ዕቃ እስከ በሩ ተደርድሯል። ብርድ ልብስ አለ፣ ጃንጥላ አለ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሰላሳ ጥቅል ላስቲክ ነበር፤ እርሻ ላይ ለመጠለያ የሚሆነው ጥቁር ላስቲክ። ዓመት ሙሉ ቆሞ አቧራ ለብሷል። ጥቅሉን በእግሩ ነካ ነካ አደረገና ፍርዱን ሰጠ፦

«በሚመጣው አጨዳ ይሄ ዕቃ ካላለቀ፣ ይሄ ቤት የሰሊጥ መጋዘን ይሆናል። የሚከራየው ሰው አግኝቻለሁ። ቤቱ የአባታችን ነው፤ እንዲሁ አይቀመጥም።»

ያን ሱቅ በሃያ አራት ዓመቴ ነው የከፈትኩት። መደርደሪያውን በራሴ እጅ ነው የቸነከርኩት። እንግዲህ አንድ አጨዳ ቀረኝ።

ከጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየችኝ እፀገነት የምትባል ሴት ናት። ኮሌጅ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ አላገባችም፣ ከመነጽሯ በላይ አጮልቃ ነው ሰው የምታይ። ሰኔ ላይ ሳሙና ልትገዛ ስትመጣ ብርድ ልብስ ስረግም ደረሰች።

«እትዬ፣ ደንበኞችዎ ምን እንደሚፈልጉ በምን ያውቃሉ?» አለችኝ።

«በዓይኔ።»

«ጋሽ ያረጋልስ?»

«ጎንደር ተኝቶ በሕልሙ።»

ከሳቀች በኋላ ስለ አንድ ፕሮግራም ነገረችኝ። ሰው ምን ከምን ጋር አብሮ እንደሚገዛ ፈልጎ ያወጣል አለች። በነጻ ይገኛል፣ ላፕቶፗ ላይ ተጭኗል፣ ለተማሪዎቿ የምታስተምረውም እሱን ነው። የሚሠራው ሥራ ዳታ ማይኒንግ ይባላል። «መረጃን እንደ ማዕድን መቆፈር ማለት ነው» ብላ ተረጎመችልኝ።

«ወርቅ ሊቆፍሩ ሄደው ወባ ይዘው የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ» አልኳት።

«ይሄ ወባ የለውም። ደብተር ብቻ ነው የሚፈልገው። እያንዳንዱን ገዢ በአንድ መስመር ይጻፉ። ስም አያስፈልግም፣ ዋጋ አያስፈልግም። ብቻ ከሱቁ የወጣውን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር።»

አረም ነቃዮች ከደጋ የሚወርዱት ሐምሌ ላይ ነው። ከሐምሌ አንድ ጀምሬ ጻፍኩ። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ «ሳሙና» ብዬ እስክጨርስ ገዢው ታጥቦ ይጨርሳል። ስለዚህ አሳጠርኩት፤ ለላስቲክ «ላ»፣ ለባትሪ «ባ»። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሁሉም ፊደል የአንድ ዕቃ ምልክት ሆነ፤ ደብተሩም እኔ ብቻ የማነበው ሆነ።

ገዢው ግን ደነገጠ። ጎጃሜዎቹ እስክሪብቶ ሳነሳ ኮፍያቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንዱማ፣ «እታለም፣ ስሜን እንዳትጽፊ፣ ሚስቴ ያለሁበትን አታውቅም» አለኝ። ሱቄ ፊት ለፊት ኒም ዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጠው መጂዳ፣ እሷ ደግሞ ሱዳን ተወልዳ መተማ ያደገች ናት፣ እየጮኸች ታሾፍብኛለች።

«የዓለምወርቅ! ግብር ቤት ተቀጠርሽ እንዴ?»

«ማዕድን እየቆፈርኩ ነው።»

«ኸላስ፣ አለቀ! ጭንቅላቷ ሄዷል። ይቺን ሴትዮ ሙቀቱ ነው ያሳበዳት!»

ከእፀገነት ጋር የተጣላነው ግን በሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው ሱቄ ይገባል፣ የሆነ ነገር ይጠይቃል፣ «እንመለሳለን» ይላል፣ መንገዱን ተሻግሮ ይሄዳል። እሱንም ልጽፍ ፈለግሁ።

«እሱ አያስፈልግም እትዬ። ፕሮግራሙ የሚሠራው በተገዛው ነው።»

«ፕሮግራሙ ሱቅ ከፍቶ ያውቃል?»

«አያውቅም፤ ግን...»

«እንግዲያው ዝም ይበል። እኔ ሃያ ዓመት ሲያናድደኝ የኖረው ገዝቶ የሄደው አይደለም፤ ጠይቆ የሄደው ነው።»

እሷ ትከሻዋን ሰበቀች። እኔ በየገጹ ዳር መስመር አሰመርኩና ከላይ «ጠይቆ የሄደ» ብዬ ጻፍኩ። የጠየቀውንም ከሥሩ። ደብተሩ የኔ ነው፤ ማንን ፈርቼ!

ጳጉሜ ላይ ለእንቁጣጣሽ ወደ አገራቸው የሚመለሱት ሠራተኞች ሳይቀሩ ገቡበት። ከዚያ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ እያነበብኩ እሷ ወደ ኮምፒውተሩ ታስገባለች። የላይኛው መስመር ላይ የዕቃው ስም ይደረደራል፤ ከታች ለእያንዳንዱ ገዢ የገዛው ላይ አንድ፣ ያልገዛው ላይ ዜሮ። እንዲህ ቀላል ነገር ነው። ስድስት መቶ ምናምን መስመር ሞላን። ከሱ ቀጥሎ እፀገነት አንድ ቦታ ነካች፣ ኮምፒውተሩ ትንሽ አሰበና ዘረገፈው።

እፀገነት ብድግ አለች። «እትዬ! ይሄንን ይመልከቱ! እንዲህ ያለ ጠንካራ ውጤት አይቼ አላውቅም። ከመቶ ገዢ ዘጠና ስድስቱ ሎሚ ገዝቷል! ባትሪ የገዛ ሎሚ ይገዛል፣ ሳሙና የገዛ ሎሚ ይገዛል፣ አጎበር የገዛ ሎሚ ይገዛል። ዘንድሮ ኢሱዙውን ሎሚ ነው መሙላት!»

«ሎሚ?»

«ሎሚ!»

«እኔ ሎሚ አልሸጥም።»

ደብተሩን አገላበጠች። «ይኸው፣ እዚህ፣ ሎ፣ ሎ፣ ሎ።»

«እሱማ ምርቃት ነው!» አልኳት። ጓሮዬ የሎሚ ዛፍ አለኝ። ገዢ ሲገዛኝ አንድ ሎሚ እመርቅለታለሁ፤ በዚህ ሙቀት ውሃው ላይ ቢጨምቀው ልቡ ይመለሳል። ምርቃት ሳይሰጥ ደንበኛ የሚሸኝ ሰው ባለሱቅ ነው እንዴ? «ከሱቁ የወጣውን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ሎሚው አልወጣም?»

«ከመቶው የቀሩት አራቱስ? ለምን አልመረቁላቸውም?»

«ተከራካሪዎች ነበሩ።»

ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔ መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ኋላ እኔንም ያዘኝ። ኮሌጅ ስትሄድ ለተማሪዎቿ ነግራቸው፣ ተማሪዎቿ ሱቄ በራፍ ላይ ቆመው ሎሚ ሲጠይቁኝ ሰነበቱ።

ሎሚውን አወጣነው። አሁን ደግሞ ሦስት መቶ ዓይነት ውጤት መጣ። «ስኳር የገዛ ሻይ ቅጠል ይገዛል» ይላል።

«ይሄንን መጂዳም ትነግረኛለች» አልኩ።

«ልክ ነዎት። ወንፊቱን እናጥብበው» አለች። አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ የተገናኘውን እንዲጥል፣ ብዙ ጊዜ አብሮ የሄደውን ብቻ እንዲያስቀር አዘዘችው። ከዚያ፣ «ገዢዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አይደሉም። ወደ እርሻ የሚወርድ አለ፣ ወደ አገሩ የሚመለስ አለ።»

«እንዴት ይለያሉ?»

«የሚወርደው ጫማው ንጹሕ ነው፤ የሚመለሰው ፊቱ ጠቁሮ ኪሱን እየዳበሰ ነው የሚሄድ።» ደብተሩ ላይ የጻፍኩትን ቀንና ሰዓት እያየሁ የትኛው የትኛው እንደሆነ ነገርኳት፤ ለሁለት ከፈለችው።

ያኔ ነው ነገሩ ጥርት ብሎ የመጣ። ከሚወርዱት መካከል ላስቲክ የገዛ ሰው የጆንያ መርፌና ሲባጎ ይገዛል። ከአሥሩ ዘጠኙ! የጆንያ መርፌ ረጅምና ወፍራሙ ነው፤ ጆንያ መስፊያው። ከዕቃ ቆጥሬው አላውቅም። ከሳንቲም መያዣው አጠገብ በጣሳ ነው የማስቀምጠው።

«ግን አንድ ነገር አለ» አለች እፀገነት። «ላስቲክ የተሸጠው እስከ ሐምሌ አሥራ አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ከሁለት ሰው በቀር ድርግም ብሏል። ምን ሆነ?»

አሰብኩ። «ሐምሌ አሥራ አንድ መርፌው አለቀ።»

ተያየን። «እስቲ ያንን የዳሩን ያንብቡልኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አነበብኩላት። መርፌ፣ ጠይቆ የሄደ። መርፌ፣ ጠይቆ የሄደ። መርፌና ሲባጎ፣ አምስት ሆነው፣ ጠይቀው የሄዱ። ገጹ በመርፌ ተሞልቷል። ከነዚያ ሁሉ ሰዎች ላስቲክ የገዛኝ ሁለት ብቻ ነው።

እኔ የገበሬ ልጅ ሆኜ እንዴት አልገባኝም! እነዚያ ሰዎች የሚያድሩት እርሻው ላይ ነው። ላስቲኩን ከማዳበሪያ ጆንያ ጋር ገጥመው፣ በመርፌ ሰፍተው፣ በሲባጎ ወጥረው ነው ቤት የሚሠሩት። ለአራትና ለአምስት አንድ ነው የሚያበጁት። እርሻው ውስጥ መርፌ ከየት ይመጣል? መርፌ የሌለበት ሱቅ ላስቲክ አይገዙም፤ ተሻግረው ሁለቱንም ባንድ ላይ ይገዛሉ። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ «ያረጋል የላከው ላስቲክ ብስብስ ነው» እያልኩ ሰውዬውን ሳማ ኖሬያለሁ።

«ጠይቆ የሄደን ከእንግዲህ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ» አለች እፀገነት። ይቅርታ መጠየቋ ነው፤ እሷ እንዲህ ነው ይቅርታ የምትጠይቅ። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴን ግን አላሳየኋትም።

ወዲያው ግን ከሚመለሱት በኩል የወጣውን አነበበችልኝ። «ለልጅ ጫማ የገዛ ሰው ብርድ ልብስ ይገዛል።»

«ምን?»

«ጳጉሜ ላይ ብቻ አሥራ አራት ብርድ ልብስ ሸጠዋል።»

«እሱን አጥፊው።»

«እትዬ!»

«ብርድ ልብስ አይሸጥም ብዬ ዘጠኝ ዓመት ጮኬያለሁ። አጥፊው ብዬሻለሁ።»

«እኔ አላጠፋም። የጻፉት ራስዎ ነዎት።»

ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ እውነቷን ነው። ደጋ ለሚሄድ ሰው ብርድ ልብስ ስጦታ ነው። ለመጥፎ ዕድሌ ያረጋል በትንሹ ልክ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ከነከነኝ፤ ጧት ተነስቼ ግን ዝርዝሩን ስጽፍ አስገባሁት።

ያረጋል ጋ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ዘንድሮ የሚጫነውን ላንብብልዎት። የጆንያ መርፌ ሁለት ሺህ።»

«ስንት?»

«ሁለት ሺህ። ሲባጎ ስልሳ ልቃቂት...»

«ልብስ ሰፊ ሆንሽ? መርፌ ለመጫን ኢሱዙ አይነሳም። እኔ የማውቀውን እጭናለሁ» ብሎ ዘጋው።

መልሼ አልደወልኩም። በማግስቱ ሱቁን ለመጂዳ አደራ ሰጥቼ ጎንደር ወጣሁ። በያረጋል መደብር በር ላይ አልፌ፣ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ፣ ከሌላ ነጋዴ መርፌዬንና ሲባጎዬን ገዛሁ። ሁለት ካርቶን ብቻ ነው የወጣው። አውቶቡሱ ላይ ጭኔ ላይ አድርጌ ተመለስኩ። ረዳቱ፣ «እማማ፣ ምንድን ነው እንዲህ የታቀፉት?» አለኝ። «ሱቄን» አልኩት።

መስከረም ሃያ ሁለት ጧት አጫጆቹ በየአውቶቡሱ ይወርዱ ጀመር። ኢሱዙውም የደረሰው በዚያው ጧት ነው፤ ያረጋል ራሱ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ። መቼም የሱቁን መጨረሻ ዓይቶ የመጋዘኑን ውል ሊፈራረም ነው የመጣ። ሸራው ሥር ብርድ ልብስ፣ የሻይ ብርጭቆ፣ ጃንጥላ። እንደገና ጃንጥላ!

«ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። እስቲ መጂዳ ጋ ሻይ ይጠጡ፤ ሰው አለብኝ» አልኩትና ወደ ውስጥ ገባሁ።

እውነትም ሰው ነበረብኝ። ፈንቴ የሚባል ከጎጃም የመጣ አለቃ፣ አሥራ አራት ሰዎች አስከትሎ በሩ ላይ ቆሟል። «እታለም፣ የጆንያ መርፌ አለ?» አለ፤ እንደ ልማዱ መልሱን ሳይጠብቅ ወደ ማዶ እየተመለከተ።

«የፈለግኸውን ያህል።»

አንገቱ ተመለሰ። «ሲባጎስ?»

«አለ።»

«በይ እንግዲያው ላስቲኩንም ቁረጭልን» አለ። አሥራ አራቱም ገቡ። ጥቅሉን ሲያወርዱት የሁለት ዓመት አቧራ ፊታቸው ላይ ተራገፈ፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው፣ «ገና ሳትሠራ መታመም ጀመርህ?» ይለዋል። እሱ ሲወጣ ከአንዳቤት የመጡ ስድስት፣ ከነሱ ቀጥለው ወሎዬዎች። ለሁሉም መረቅሁላቸው። እስከ እኩለ ቀን ቀና አላልኩም። ያረጋል ኒሙ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሦስተኛ ሻይ ይዟል። መጂዳ ኋላ ነግራኛለች፤ ገዢዎቼን በጣቱ ሲቆጥር ነበር።

ተነስቶ ገባ። ግድግዳው ሥር ዓይኑ ሲንከራተት አየሁት።

«ያ ላስቲክ የት ሄደ?»

«ከመርፌው ጋር ሄደ።»

«ሰላሳ ጥቅል?»

«አራት ቀርቷል። ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ይምጡ፤ እሱንም አያገኙት።»

የቀሩትን አራት ጥቅሎች በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። ያን ላስቲክ ከኪሳራ የጻፈው ራሱ ነበር። «ማን መከረሽ?» አለ።

ደብተሩን ከመሳቢያ አውጥቼ አቀበልኩት። አገላበጠው። የኔን ፊደል ማንበብ አልቻለም እንጂ፣ የዳሩን «ጠይቆ የሄደ» አነበበው። «ደንበኞቼ ናቸው የመከሩኝ። እኔ ጻፍኩ፣ እፀገነት ወደ ኮምፒውተር አስገባች፣ ኮምፒውተሩ ለየው። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልጠየቀም» አልኩት።

ሳል ያዘው። ሲያስል ቆየና፣ «ሱቁ ይቀጥል እንግዲህ። መጋዘኑን ለሰውዬው እነግረዋለሁ» አለ። ወዲያው ወደ ደጅ ወጥቶ አጨበጨበ። «እናንተ! በሉ ዕቃው ይውረድ!»

ጫኝና አውራጆቹ ሸራውን መፍታት ጀመሩ። እኔም ወጣሁና ከኢሱዙው ኋላ ቆምኩ።

«አይወርድም።»

«ምን አልሽ?»

«ጋሼ፣ አይወርድም አልኩ። ሱቁ ከቀጠለ የሚወርደውን የምመርጠው እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት አውርጃለሁ፤ ይበቃኛል።»

«ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር መጥቶ እንዴት ይመለሳል? ሰው ምን ይላል?»

«ጃንጥላውን ያየ ሰው ምንም አይልም።»

መጂዳ ኒሙ ሥር «ኸላስ!» ብላ አጨበጨበች። አውራጆቹ እጃቸውን ገመዱ ላይ እንዳደረጉ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። ያረጋልም አየኝ፤ ከዚያ በሩ ላይ የተሰለፉትን አጫጆች አየ። ነጋዴ ነው፤ ሰልፍ ይገባዋል።

«ብርድ ልብሱም ይመለስ?» አለ፤ ድምፁ ተለሳልሷል።

«ለኅዳር መጨረሻ ሃያ ብቻ ያምጡልኝ፤ ሰዉ ወደ አገሩ ሲመለስ። ከሃያ የልጅ ጫማ ጋር።»

«ብርድ ልብስ አይሸጥም ስትይ አልነበር?»

«ተሳስቼ ነበር።»

እንዲህ ስል ሰምቶኝ አያውቅም። እኔ ግን አውራጆቹን ገለል በሉ ብዬ፣ የተፈታውን ገመድ ራሴ አጥብቄ አሰርኩት። የሾፌሩን በር መታ መታ አድርጌ፣ «አንተ ልጅ፣ ወደ ጎንደር አዙር» አልኩት። የኢሱዙው ሞተር ተነሳ። እኔም ፈንጠር ብዬ መንገዱ መሐል ቆምኩና፣ ባጃጆቹን በእጄ እያስቆምኩ፣ ከነጭነቱ እስኪዞር ድረስ መራሁት።